«ነካ» እና «ያዘ»፦ በቅርጫት ኳስ ሁለት ግሶች የሚያመጡት ጣጣ

የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አይቶ የሚወጣ ተመልካች ሁለት አቤቱታ አያጣም። አንደኛው «ሰዓት ሰረቁን» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ኳሱ የኛ ነበር» የሚለው ነው። በእግር ኳስ የመሐል ዳኛው በራሱ ሰዓት ያጫውታል፤ የባከነው ደቂቃ በሰሌዳ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ብዙም አይረዝምም። የቅርጫት ኳስ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው። አንዱ የ10 ደቂቃውን ክፍለ ጨዋታ ይቆጥራል፤ ሌላው ለአንድ ማጥቃት የተፈቀደውን 24 ሰከንድ። ሁለቱም የሚነሡበትና የሚቆሙበት ምክንያት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው ችግሩ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ልተርክላችሁ አልተነሣሁም። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ የገረመኝን አንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ ነው። በግቢያችን የዲፓርትመንቶች ውድድር ላይ አንዳንድ ቀን የሰከንድ መቁጠሪያ ይዤ ጠረጴዛ እቀመጣለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ለዚሁ ቡለቲን ዘገባ ለመሥራት ማስታወሻዬን ይዤ እሄዳለሁ። በሁለቱም በኩል ሆኜ እንዳየሁት፣ ከጭቅጭቁ አብዛኛው የሚመጣው «ነካ» እና «ያዘ» የሚባሉት ግሶች ሲደባለቁ ነው። በተራ ንግግር ልዩነታቸው ትንሽ ነው። በሕጉ ግን አንዱ ሰዓት ያስነሣል፣ ሌላው ባለቤት ይወስናል።

የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ አንድ ቡድን ኳሱን ተቆጣጠረ የሚለው፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ ኳሱን ሲይዝ ወይም ሲያነጥር፣ ወይም ለውርወራ ኳሱ ሲሰጠው ነው። እርስ በርስ ሲቀባበሉም ቁጥጥሩ አይቋረጥም። የሚቋረጠው ተጋጣሚ በእጁ ሲያስገባው፣ ፊሽካ ተነፍቶ ኳሱ ሲሞት፣ ወይም ኳሱ ለግብ ተወርውሮ ከእጅ ሲወጣ ነው። የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ፦ ወደ ቀለበቱ የተወረወረ ኳስ አየር ላይ እያለ የማንም አይደለም።

አሁን ሰዓቶቹን እንያቸው። ከመስመር ውጪ ኳስ ሲወረወር የጨዋታው ሰዓት የሚነሣው ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ኳሱን ሲነካ ነው፤ መያዝ አይጠበቅበትም። የ24ቱም ሰዓት በዚህ ጊዜ አብሮ ይነሣል። በመክፈቻው ዝላይ ላይ ግን ይለያያሉ። ዘላዩ ኳሱን በጣቱ ሲመታ የጨዋታው ሰዓት ይነሣል፤ 24ቱ ግን አንዱ ቡድን ኳሱን በእጁ እስኪያደርግ ይጠብቃል። ሪባውንድ ላይም እንደዚሁ ነው። ሦስት ሰዎች ኳሱን በጣት ጫፍ እየተሻሙበት ከሆነ 24 ሰከንድ የሚቆጥረው ልጅ አውራ ጣቱን ዝግጁ አድርጎ ዝም ብሎ ያያል። ከኋላው ያለ ተመልካች «ተኝተሃል እንዴ?» ይለዋል። አልተኛም፤ እስካሁን የያዘ የለም።

የተከላካይ መንካት ደግሞ የበለጠ ያጨቃጭቃል። አጥቂው ቡድን 5 ሰከንድ ሲቀረው ተከላካዩ ኳሱን መትቶ ከመስመር አስወጣው እንበል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ አሠልጣኝም ጭምር፣ «ተነክቷል፣ ከ24 ይጀመር» ይላል። አይጀመርም። ኳሱ ለአጥቂዎቹ ይመለሳል፣ ሰዓቱም ከ5 ይቀጥላል፤ ተከላካዩ ነካ እንጂ አልያዘማ። ያው ተከላካይ ኳሱን ሆን ብሎ በእግሩ ቢመታ ግን ጉዳዩ የሕግ ጥሰት ይሆናል። ውርወራው በማጥቂያው ሜዳ ከሆነና ከ14 ሰከንድ ያነሰ ቀርቶ ከሆነ ወደ 14 ይመለሳል፤ 14 ወይም ከዚያ በላይ ቀርቶ ከሆነ ባለበት ይቀጥላል። በራሳቸው ሜዳ ከሆነ ሙሉ 24 ያገኛሉ። ፋውልም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። ቁጥሩ 14 የሆነው፣ ማጥቂያው ሜዳ ውስጥ ገብቶ ለተቀመጠ ቡድን ኳሱን ለማሻገር የሚፈቀደው 8 ሰከንድ አያስፈልገውም ከሚል አስተሳሰብ ይመስለኛል።

ቀለበት የነካ ኳስም ሌላ ሒሳብ አለው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ አጥቂው ቡድን የራሱን የሳተ ኳስ ቀለበት ከነካ በኋላ መልሶ ካገኘው 14 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ ተከላካዩ ካገኘው 24። ቀለበት ያልነካ ኳስ ግን ምንም አያድስም። 6 ሰከንድ ሲቀረው ወርውሮ አየር ላይ የሳተ ቡድን ኳሱን መልሶ ቢይዘው የቀረው ያው 6 ሰከንድ ነው፣ እሷም እየቆጠረች ነው። ኳሱ አየር ላይ እያለ የ24ቱ ድምፅ ቢሰማስ? ቀለበት ከነካ ጨዋታው ይቀጥላል። ካልነካና ተከላካዩ ወዲያውኑ በግልጽ ከያዘውም ይቀጥላል፤ ያልያዘ እንደሆነ ፊሽካ ነው። ስለዚህ ዳኛው ድምፁን ሰምቶ ወዲያው አይነፋም፤ አንድ አፍታ ይጠብቃል። ይቺ አፍታ ናት ለሰዳቢዎች ምቹ የሆነችው።

ይህ የ24 ሰከንድ ነገር ከየት መጣ ለሚል፣ ታሪኩ አጭር ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር አሜሪካ ውስጥ ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ18 አሸነፈ። አዎ፣ በሙሉ ጨዋታ! ኳሱን ይዞ መቆም የሚከለክል ሰዓት አልነበረም። በ1954 የሲራክዩስ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶን ያቀረበው ሒሳብ ተቀባይነት አገኘ፦ 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ ጥሩ በሚባል ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ፤ ሲካፈል 24። ፊባ በ1956 በ30 ሰከንድ ጀምሮ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ 24 ዝቅ አደረገው።

ወደ ሁለተኛው አቤቱታ ልለፍ፦ «ኳሱ የኛ ነበር»።

ሁለት ተጋጣሚዎች አንድ ኳስ ላይ እጃቸውን አጥብቀው ከጣሉና ያለ ግፊያ አንዱ መውሰድ ካልቻለ ሄልድ ቦል ይባላል። ድሮ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ እንደገና ይዘሉ ነበር። ዛሬ በፊባ ሕግ ዝላይ ያለው አንዴ፣ በመክፈቻው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያሳየው ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀስት ነው። በመክፈቻው ዝላይ ኳሱን ያጣው ቡድን የመጀመሪያውን ተራ ያገኛል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍለ ጨዋታም የሚጀመረው ቀስቱ በሚያሳየው ቡድን ውርወራ ነው። እኛ ጋ ቀስቱ ከካርቶን ተቆርጦ በቀይ ማርከር የተቀለመ ነው፤ በእጅ ይዞራል፤ ንፋስ ሲነሣ ድንጋይ ይጫንበታል። የ24ቱ ሰዓትም ቢሆን በአንድ ልጅ መዳፍ ውስጥ ያለ እንጂ ሁሉ የሚያየው ሰሌዳ የለውም። አዳራሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሚጫወቱት የሚያዩትን የኛ ተመልካች መገመት አለበት ማለት ነው፤ ግምቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ራሱ ቡድን ያደላል።

የኛ ዲፓርትመንት ያደረገውን አንድ ጨዋታ እንደ ምሳሌ ላንሣ። ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ አልነበርኩም፤ ለዘገባ ማስታወሻ እየያዝኩ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ቁጥሮቹን አይቻለሁ። እኛ ሰማያዊ ነን፣ ተጋጣሚዎቻችን ቢጫ።

ሦስተኛው ክፍለ ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከምናምን ይቀራል። ቢጫዎቹ እያጠቁ ነው፤ 24ቱ ላይ 4 ሰከንድ ቀርቷቸዋል። የኛ ረጅሙ ልጅ ኳሱ ላይ ተጣበቀ፤ ፊሽካ፤ ሄልድ ቦል። ቀስቱ ወደ ቢጫ ያሳያል። ኳሱ ለቢጫ ተሰጠ፣ ሰዓቱም 4 ላይ ቆየ፤ ኳሱን ከማነቁ በፊት የተቆጣጠሩት እነሱ ስለነበሩና ውርወራውም ለእነሱ ስለሆነ ጊዜው አይታደስም። እስከዚህ ቢጫዎቹ ናቸው ያጉረመረሙት። ወርዋሪው ኳሱን ሳይለቅ የኛ ተከላካይ አንዱን ሯጭ ገፋው። ፋውል። በክፍለ ጨዋታው የቡድናችን ፋውል ገና ሦስተኛው ስለነበር ፍሪ ትሮው የለም፤ ለቢጫ እንደገና ውርወራ። 4 የነበረው ሰዓት ግን 14 ሆነ። ቀስቱም ከቢጫ አልዞረም። ክፍለ ጨዋታው አለቀ፣ አራተኛውን ቢጫዎቹ በውርወራ ጀመሩ፣ በዚያችው ማጥቃት ገባላቸው። በመጨረሻ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእናንተ መካከል የነበረ ያስታውሰዋል። «ሌባ ዳኛ!» ተባለ። «ሰዓቱን ከ4 ወደ 14 አሻግሮ፣ ተራውን ሁለት ጊዜ ሰጣቸው» ተባለ። በማግስቱ «የተሰረቀ ተራ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ፤ ስም የለውም። ዳኛው ተማሪ ነው፣ ከይርጋጨፌ ወረዳ ከኢዲዶ የመጣ፤ ለዳኝነቱ ምንም አይከፈለውም። ሁለት ሳምንት ፊሽካውን አላነሣም፤ በነዚያ ሁለት ሳምንታት የነበሩት ጨዋታዎች በአንድ ዳኛ ተካሄዱ።

እኔ የሕጉን መጽሐፍ ይዤ ሄድኩና ከሱ ጋር ቁጭ ብለን ነጥብ በነጥብ አየነው። 4ቱ ልክ ነበር፤ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ። 14ቱም ልክ ነበር፤ በማጥቂያው ሜዳ በተከላካይ ፋውል ከ14 በታች የቀረ ሰዓት ወደ 14 ይመለሳል። የቀስቱ ነገር ግን እኔንም አስቸግሮኝ ነበር። ቢጫዎቹ በተራቸው ወረወሩ አይደል? ታዲያ ለምን አልዞረም? የሱ መልስ ከመጽሐፉ የተሻለ ሆኖ ስላገኘሁት እንዳለ ላቅርበው።

«እሸት ቡና ተሸክመሽ መፈልፈያው ጋ ወረፋ ይዘሻል እንበል» አለኝ። «ተራሽ ደረሰ። ጆንያሽን ሚዛን ላይ ልታወጪ ስትይ ከኋላሽ ያለው ገፋሽ፤ ጠብ ሆነ፤ ሚዛን ያዡ ሥራ አቆመ። ጠቡ ሲበርድ ተራው የማን ነው? ያንቺው ነዋ! ጆንያሽ ሚዛኑን መች ነካ? የገፋሽ ሰው ካሣ ቢከፍልሽ እንኳ ካሣው ሌላ፣ ተራው ሌላ። ነገር ግን አንቺው ጥሬ ቡና ቀላቅለሽ ብትገኚ ወደ ኋላ ሂጂ ትባያለሽ።»

ሕጉ የሚለው በትክክል ይህንኑ ነው። ቀስቱ የሚዞረው የተራው ውርወራ ሲያልቅ ነው፤ ውርወራው ደግሞ የሚያልቀው ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ኳሱን በሕግ ሲነካ ነው። ከመነካቱ በፊት ከሁለቱ ቡድኖች በየትኛውም ፋውል ቢሠራ ተራው አይጠፋም። የቢጫዎቹ ሁለተኛ ውርወራ የፋውሉ ካሣ ነበር፤ ተራቸው አልተነካችም። ወርዋሪው ራሱ ጥሰት ቢሠራ፣ ለምሳሌ 5 ሰከንድ ቢያሳልፍ ወይም መስመሩን ረግጦ ሜዳ ቢገባ፣ ያን ጊዜ ኳሱንም ተራውንም ያጣ ነበር። ከቅጣት ወረቀቱ ይልቅ የሚዛኑን ወረፋ ያስታወሰ ሰው ይህን ሕግ አይረሳውም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ጨዋታ አራተኛው ክፍለ ጨዋታ ላይ ሌላ ሄልድ ቦል ነበር፤ ቀስቱ ወደ እኛ ስለነበር ኳሱ ለኛ ተሰጠ። ይህን ያነሣ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ሌሎቹን የቀስት ጣጣዎች በሩጫ ልንካቸው። በራሱ ሜዳ 5 ሰከንድ ያሳለፈ ቡድን ሄልድ ቦል ገጥሞት ተራው የራሱ ከሆነ፣ ኳሱን ለማሻገር የሚቀረው 3 ሰከንድ ብቻ ነው፤ 8ቱ እንደገና አይቆጠርም። የተወረወረ ኳስ ቀለበቱና ቦርዱ መካከል ቢሰካ እንደ ሄልድ ቦል ይታያል፤ ቀስቱ ለወርዋሪው ቡድን ካሳየ 14፣ ለተከላካዩ ካሳየ 24። ጠረጴዛው ተሳስቶ ተራው ላልሆነ ቡድን ቢሰጥስ? ኳሱ ሜዳ ውስጥ ከመነካቱ በፊት ከተደረሰበት ይታረማል። ከተነካ አይታረምም፤ ግን የተበደለው ቡድን ተራውን አያጣም፣ የሚቀጥለው የሱ ነው። እዚህም ድንበሯ ያቺው «ነካ» ናት።

ስለ ሰከንድ ከተነሣ ሙኒክን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በ1972 እ.ኤ.አ. የኦሎምፒክ የወንዶች ፍጻሜ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ተገናኙ። ጨዋታው የተጀመረው መስከረም 9 ምሽት ነው፣ በኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1964 መሆኑ ነው፤ እኩለ ሌሊት አልፎ ነው ያለቀው። 3 ሰከንድ ሲቀር የአሜሪካው ደግ ኮሊንስ ሁለት ፍሪ ትሮው አስገብቶ 50 ለ49 አደረገው። ሶቪየቶች ታይም አውት ጠይቀን ነበር አሉ። ኳሱ ተጀምሮ 1 ሰከንድ ሲቀር በግርግሩ ምክንያት ተቋረጠ። የፊባ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዊሊያም ጆንስ ከተመልካች መቀመጫ ወርደው 3 ሰከንድ እንዲመለስ አዘዙ። ሰዓቱ ገና ሳይስተካከል ኳሱ ተወረወረ፤ ደወል ተደወለ፤ አሜሪካኖች ጨፈሩ። ሰዓቱ አልተስተካከለም ተብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ተደገመ። ኢቫን ኤዴሽኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረወረ፣ አሌክሳንደር ቤሎቭ ቀለበቱ ሥር ተቀብሎ አስገባ። 51 ለ50። የይግባኝ ኮሚቴው 3 ለ2 በሆነ ድምፅ ውጤቱን አጸደቀ፤ አሜሪካኖቹ የብር ሜዳሊያውን አልተቀበሉም። (ጨዋታው በተጀመረ ማግስት ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ አመጣልን። በዚያው ኦሎምፒክ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ ለ5,000ው ውድድር ዘግይቶ በመድረሱ ሳይሮጥ ቀርቷል። የሙኒክ ሰዓት ለብዙ ሰው ነው የከፋው።)

እንደኔ አስተያየት የሙኒኩ ትልቁ ስሕተት ሦስቱ ሰከንዶች ይገቡ ነበር ወይስ አይገቡም የሚለው አይደለም፤ እሱ ገና ሊያከራክር ይችላል። ስሕተቱ ሰዓቱን ያስመለሰው ሰው በሕጉ መሠረት የጨዋታው ዳኛ አለመሆኑ ነው። በዛሬው ሕግ ሰዓት የማረም ሥልጣን የዋናው ዳኛ ነው፤ በትልልቅ ውድድሮችም የመጨረሻው ደቂቃ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይቆጠራል፣ ዳኛው ቪዲዮ አይቶ መወሰን ይችላል። እኛ ግቢ ቪዲዮ የለም። ያለው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ሦስት ልጆች ያዩት ነው። የተመልካች ወይም የኃላፊ ጩኸት ሰዓት ካስተካከለ ግን የሙኒክ ነገር ትንሿ ሜዳችን ላይ ተደገመ ማለት ነው።

አንድ አሥረኛ ሰከንድ ካልኩ ዘንድ አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለችኝ። የአበሻ ቀጠሮ የለመደ ሰው ሊስቅባት ይችላል። ጥር 15 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ኒክስ ከቡልስ ጋር እኩል ሆነው 0.1 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። ትሬንት ታከር ከመስመር የተወረወረለትን ኳስ ያዘ፣ ዞረ፣ ሦስት ነጥብ አስገባ፤ ጸደቀለት። ይህን ሁሉ በ0.1 ሰከንድ ማድረግ ለሰው ልጅ እንደማይቻል ስለታመነ ሕግ ወጣ፤ ፊባም ተመሳሳይ ሕግ አለው። ሰዓቱ 0.3 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ተጫዋቹ ኳሱን ይዞ መወርወር ይችላል፤ ከደወሉ በፊት ከእጁ መውጣቱን ማረጋገጥ የዳኛው ነው። 0.2 ወይም 0.1 ካሳየ ግን መያዝ ዋጋ የለውም። ኳሱን በጣት ገፍቶ ወይም በቀጥታ ቀለበት ውስጥ ቀብሮ ካገባ ብቻ ይቆጠርለታል።

የኢዲዶውን ልጅ «ይሄንን በስልክ ሰዓት እንዴት ነው የምትዳኘው?» አልኩት። ፊሽካ ሰምቶ አውራ ጣትን ማንቀሳቀስ ብቻውን ከ0.2 ሰከንድ የማይተናነስ ጊዜ ይፈጃል። እሱም አልሸሸገም፤ በእጅ የተቆጠረ 0.2 እና 0.4 ለሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ሲገጥመው ውርወራውን ያዘገያል፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ በስልኩ ላይ የቆመውን ቁጥር ራሱ ያያል፣ ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ ያሳያቸዋል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከሜዳው ዳር የቆመው ሁሉ እንዲሰማ፣ ከሁለት አንዱን ይናገራል፦ «መያዝ ይቻላል» ወይም «መንካት ብቻ»። ኳሱን ለወርዋሪው የሚሰጠው ይህን ካለ በኋላ ነው።